ቀይ መስመር ከስሙ ሥር

ቦራ የሚሉት ነፋስ፣ የትሪዬስቴ ጌታ፣
መስኮቱን ሲደበድብ ከጧት እስከ ማታ፣
እኔ ከማዘጋጃ ቤቱ፣ ከሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
መቃብር ኪራይ ክፍል፣ የሙታን ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ።

እዚህ መሬት ጠባብ ነው፤ ሟችም በውል ያድራል፤
ሠላሳው ዓመት ሲሞላ ዕዳው ይቆጠራል።
ደብዳቤው በጣሊያንኛ ነው፤ የተራራው ሰው ግን
የሚያነበው በስሎቬንኛ።
ዝዴንኮ አስተርጓሚው ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣
ወንበሩን የወረሰው አንድ ቁልፍ ነው፣ እዚህ፣
«ግምገማ» ከሚለው ሥር፣
«ተርጉም» የሚል።

ስታንኮ ይባላል ሟቹ፣ ድንጋይ ፈላጭ የነበረ፤
ስሙን ገና ስጽፈው ማሽኑ ተጠራጠረ፤
ከሥሩ ቀይ መስመር ሰደደ፣ እንደ ትል የሚላወስ፣
«ምናልባት እንዲህ ይሆን?» አለኝ፣ አንድ ፊደል ሊያድስ።
ድምፁ ያው ነው ሲጠሩት፤ ፍቺው ግን ሄደ ሌላ፣
በጣሊያንኛ «የደከመው»። እኔም ሳላይ ወደ ኋላ፣
ስልክ በትከሻዬ ይዤ፣
«እሺ» አልኩት።
ከዚያ «ተርጉም»ን ነካሁ፤ ቃሉ ሁሉ ባንዴ ተቀይሮ፣
ስሎቬንኛ ሆኖ ወጣ፣ ከራቫት አስሮ፣ ፀጉር አበጥሮ፦

«ለተከበሩ ለደከመው፤
የተከራዩት ክፍል ውል ስላበቃ
በሠላሳ ቀን ውስጥ ዕቃዎን ይዘው እንዲወጡ እናሳስባለን።
ለምቾትዎ እንተጋለን።»

በሳምንቱ መልስ መጣ፣ በሰማያዊ ቢክ፣
ከተራራው መንደር፣ ከደብተር በተገነጠለ ሉክ፤
ዝድራቭካ ትባላለች፣ ሰማንያ ሰባት ነው ዓመቷ፤
ፎቶ አንሥቼ ለማሽኑ ሰጠሁት፤ እንዲህ ይላል ጽሕፈቷ፦

«ልጄ፣ ወረቀትሽ ደረሰኝ፤ አመሰግናለሁ።
ደክሞታል ያልሽው እውነት ነው፤ እኔም አውቃለሁ።
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲፈልጥ ኖሮ፣
ገባ አፈር ውስጥ፣ ሳንባው በነጭ አቧራ ታጥሮ።
ለሐኪም እንኳ ቢሆን ‹ደኅና ነኝ› ነበር ቃሉ፤
ማን ሹክ አላችሁ? ብዬ ተገረምኩ ቀኑን ሙሉ።
ዕቃውን ያውጣ ያላችሁት፣ ሌላ ምንም የለው፣
አንድ ሱፍና መቁጠሪያ ነው፣ አብሮት ያለው።
ውጣ ግን አትበሉት። እሑድ ጋደም ሲል
ሰዓቱን ከትራሴ ሥር እቀብር ነበር፣ ቀጭ ቀጭ እንዳይል።
ሠላሳ ሦስት ዓመት ስንኖር አንድ ቀን አልቀሰቀስኩት፤
እናንተም ተዉት። እኔም ይኸው ተውኩት።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት።
ስህተቱ የኔ ነበር፤
ስህተቱ ግን ከኔ ይልቅ ሟቹን ያውቀው ኖሯል።

እኔም ስሜ ኦርኔላ ነው፣ ኦርኔላ ቤቪላኳ፤
«ውሃ ጠጪ» ማለት ነው በጣሊያኖች ቋንቋ።
ቅድመ አያቴ ቮዶፒቬትስ ነበር፤ እሱም «ውሃ ጠጪ» ነው፣ በተራራው አፍ።
በጥቁር ሸሚዝ ዘመን፣ ምናልባት ከዚሁ ጠረጴዛ ፊት፣
አንድ ጸሐፊ በብዕር ተርጉሞ ማኅተም መታበት።
ግሩም ትርጉም ነበር! ጠብታ እንኳ አልፈሰሰም፤
ውሃው ያው ውሃ ነው፤ ጠጪው ግን እሱ አይደለም።

ወደ ስታንኮ ተመለስኩ። ስሙን ስጫነው ዝርዝር ወረደ፦
«አርም»፣ «ዝለል»፣ «ወደ መዝገበ ቃላት ጨምር»።
ሦስተኛውን ነካሁ። ቀዩ ትል ተነሥቶ ሄደ።
የእድሳት ፎርም ከፈትኩ፤ «ምክንያት» የሚል ሣጥን አለ፤
«ደክሞታል» ብዬ ጻፍኩበት። ማሽኑ ምንም አላለ።

አለቃዬ ሲኞር ፉርላን፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ፣
«ይሄ ስሙ ነው ምክንያቱ?» አለኝ፣ ጣቱን ሣጥኑ ላይ ዘርግቶ።
ቁልፉን አልነካሁም። ሉኩን ከፍቼ፣
በተሰባበረችው ስሎቬንኛዬ፣ ቃል በቃል ተረጎምኩለት፤
ሰዓቱ ጋ ስደርስ ግን ቃል አጠረኝ፤
መዳፌን ከጉንጬ ሥር አድርጌ ዓይኔን ጨፈንኩለት።

ፈረመ።